ዕዳ እያለብኝ አሥራት ላውጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዜ 12,000 ብር ነው፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 8,910 ብር እጄ ይገባል። ከጓደኛዬ ጋር ደባል ስለሆንኩ ለኪራይ 3,000 እከፍላለሁ። ለእናቴ 1,500 እልካለሁ። ምግብና ትራንስፖርት 2,800 ይወስዳል። 20 ሰው ያለበት የ1,000 ብር የወር ዕቁብም አለኝ፤ ገና አልደረሰኝም። ለወንድሜ ሕክምና ከሥራ ባልደረባዬ 18,000 ብር ተበድሬ በመስከረም እመልሳለሁ ብያት ነበር፤ አልቻልኩም። አሁን ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። በቤተ ክርስቲያናችን ሚልክያስ 3 እየተነበበ "አሥራት የማያወጣ ሌባ ነው፣ እርግማን አለበት" ይባላል። በስልክ የምከታተለው አንድ አገልጋይ ደግሞ የ5,000 ብር ዘር ብዘራ፣ ማለትም ብሩን ብልክለት፣ ዕዳዬ እንደሚሰበር ነገረኝ። እውነት ተረግሜ ነው? አሥራት የሚወጣው ከጠቅላላው ደመወዝ ነው ወይስ ከተጣራው? ለእናቴ የምልከው ይቆጠርልኛል? ዕቁቡ ሲደርሰኝስ? እህቴ ከዱባይ ለእናታችን ቤት ማሳደሻ በእኔ በኩል የምትልከውስ? ቤተ ክርስቲያናችን የአሥራት ከፋዮችን ስም በግድግዳ ትለጥፋለች፣ የገንዘቡን ሒሳብ ግን ነግራን አታውቅም፤ ሌላ ቦታ ብሰጥ ኃጢአት ነው?
ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት 5,000 ብሩን እንዳትልኪ። የቀረውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ይህ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ አንዴ ከተላከ ሽማግሌ ልከሽም የምታስመልሺው ገንዘብ አይደለም።

አንቺ ባለሽበት ጭንቀት ውስጥ የነበረች ሴት በ2 ነገሥት 4፥1-7 አለች። ባሏ ሞቷል፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቶባታል። ወደ ኤልሳዕ ስትጮኽ ነቢዩ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳላት ነው እንጂ ለእርሱ ምን እንዳመጣችለት አይደለም። ያላት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነበር። ከጎረቤት የተዋሰቻቸው ባዶ ዕቃዎች ሁሉ በዘይት ሲሞሉ ትእዛዙ አጭር ሆነ፦ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈይ፣ በተረፈው ከልጆችሽ ጋር ኑሪ። ከዚያ ሁሉ ዘይት ለነቢዩ የተቀነሰ አንድ ጽዋ የለም። በቀጣዩ ምዕራፍ ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ ኤልሳዕ እንደማይቀበል ማለ። ከኋላ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ የተቀበለው ሎሌው ግያዝ ነው፤ የንዕማን ለምጽ በእርሱ ላይ ተጣበቀ።

ዘር ዝሩ የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት 2 ቆሮንቶስ 9፥6 በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ምእመናን ስለሚሰበሰብ እርዳታ የተጻፈ ነው። ጳውሎስ ያን ገንዘብ ብቻውን እንኳ ሊይዘው አልፈለገም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ (8፥18-21)። ያንኑ ቃል ጠቅሶ በግል ስልክ ቁጥሩ ብር የሚያስልክ ሰው ጳውሎስ የሸሸውን እያደረገ ነው።

አሁን ወደ ሚልክያስ እንሂድ፤ ያስጨነቀሽ እርሱ ነውና። አሥራት በሙሴ ሕግ ምን እንደነበረ ካላየን ነቢዩ ምን እንዳስቆጣው አይገባንም። ሕጉ አሥራት የሚጠይቀው ከምድር ፍሬና ከከብት ነበር። በዘሌዋውያን 27፥30-33 መሠረት እህሉን በገንዘብ ሊዋጅ የፈለገ አምስተኛ እጅ ይጨምራል። ከከብቱ ከበትር በታች ሲያልፍ አሥረኛ የሆነው ይለያል፤ ወፍራም ይሁን ከሲታ መምረጥ ክልክል ነው። የሚሰጠውም ርስት ላልተካፈሉት ለሌዋውያን ነው፤ እነርሱም ከተቀበሉት ላይ አሥረኛውን ለካህኑ ያወጣሉ (ዘኍልቍ 18፥21-28)። ዘዳግም 14፥22-29 ደግሞ ከመድረክ ብዙም የማይሰማ ነገር ይዟል፦ ሰውየው አሥራቱን ይዞ ወደ መቅደሱ ይወጣና ከቤተሰቡ ጋር በእግዚአብሔር ፊት ይበላዋል። መንገዱ ከራቀው በብር ለውጦ፣ እዚያ ሲደርስ ነፍሱ የወደደችውን በሬ፣ በግ ወይም የወይን ጠጅ ይገዛል። በየሦስተኛው ዓመት አሥራቱ በየከተማው ተከማችቶ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ እስኪጠግቡ ይበሉታል።

ስለዚህ በሚልክያስ ዘመን አሥራቱ የሚከማችበት የቤተ መቅደሱ ጎተራ ባዶ ሲሆን የሚራቡት ሰዎች ነበሩ። በነህምያ 13፥10 ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስለቀረ አገልግሎታቸውን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተዋል። ነቢዩ ስለ አሥራት ከመናገሩ ሦስት ቁጥር ቀደም ብሎ (3፥5) የሚከሳቸውን ሰዎችም ተመልከቺ፦ የቅጥር ሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክሉ፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን የሚያስጨንቁ። ይህን ቁጥር ዘሎ ከቁጥር 8 የሚጀምር ስብከት መጽሐፉን ለሁለት ከፍሎ እየሸጠ ነው።

እርግማኑስ? የተነገረው በሲና ቃል ኪዳን ሥር ለነበረ ሕዝብ ነው። ገላትያ 3፥13 ክርስቶስ ከሕግ እርግማን እንደዋጀን ይናገራል። ከአሕዛብ ያመኑት ምን ሸክም ይጫንባቸው ተብሎ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ሲወሰን በተጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ለጣዖት የተሠዋ፣ ደም፣ የታነቀና ዝሙት ተጠቅሰዋል (የሐዋርያት ሥራ 15፥28-29)፤ አሥራት የለበትም። ስለዚህ የተረገምሽ አይደለሽም። ለወንድምሽ ሕክምና መበደርሽም ሌባ አያደርግሽም።

በዚህ ከእኛ የሚለዩ ጥሩ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አሥራት በኵራትን የምእመናን ግዴታ አድርጋ ታስተምራለች፤ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ብዙዎቹ እንዲሁ። ሁለት ጠንካራ ማስረጃ ያቀርባሉ። አንደኛው አብርሃም ከሕጉ በፊት ለመልከ ጼዴቅ አሥራት መስጠቱ ነው (ዘፍጥረት 14፥20)። እውነት ነው፤ ግን የሰጠው ከጦር ምርኮ ነው፣ የተጻፈልንም አንድ ጊዜ እንደሰጠ ነው፣ ከቀረውም ለራሱ ክር እንኳ አልወሰደም። ሁለተኛው ማቴዎስ 23፥23 ነው፤ ጌታ ፈሪሳውያኑን ከአዝሙድና ከከሙን አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ሲገሥጻቸው ያንንም አትተዉ ብሏል። ይህም ቤተ መቅደሱ ቆሞ፣ ሕጉ ሲሠራ ለነበሩ ሰዎች የተነገረ ነው። እኛ አሥረኛ እጅን እንደ ጥሩ መለኪያ እንቀበላለን፤ በእርግማን ማስከፈልን ግን አንቀበልም። አንቺ ያለሽባት ቤተ ክርስቲያን አሥራትን የአባልነት ሥርዓት ካደረገች ያለሽበትን ሁኔታ ለመጋቢሽ ወይም ለንስሓ አባትሽ በግልጽ ንገሪ፤ ከምትደበቂ ይሻላል።

በአዲስ ኪዳን የመስጠቱ ልክ የተቀመጠው እንዲህ ነው፦ ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያንዳንዱ እንደቀናው መጠን በቤቱ ያስቀምጥ (1 ቆሮንቶስ 16፥2)፤ ስጦታው የሚወደደው ሰው ባለው መጠን ነው እንጂ በሌለው መጠን አይደለም (2 ቆሮንቶስ 8፥12)፤ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን (9፥7)። ጳውሎስ አስቀድመው እንዲያጠራቅሙ ያዘዘበትን ምክንያትም ያነሣል፦ እኔ ስመጣ ያን ጊዜ መዋጮ እንዳይሆን። መብራት ደብዝዞ፣ ዝማሬ ከፍ ብሎ "አሥር ሺህ ያለው ወደ ፊት ይምጣ" ከሚባልበት ጉባኤ ጋር አስተያዪው።

ከጠቅላላው ወይስ ከተጣራው ለሚለው መጽሐፍ ቅዱስ ቀጥተኛ መልስ የለውም። በዚያ ዘመን በቀጣሪ በኩል ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ግብር አልነበረምና። (ሳሙኤል ንጉሥ ስትሾሙ ከዘራችሁና ከመንጋችሁ አሥራት ይወስድባችኋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ 1 ሳሙኤል 8፥15-17። በአገራችንም አሥራት በንጉሡ ዘመን በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ የመንግሥት ግብር ስም ነበር።) በአንቺ ደመወዝ ከጠቅላላው 1,200፣ ከተጣራው 891 ብር ይሆናል፤ ልዩነቱ 309 ብር ነው። ግብሩ እጅሽ ስለማይገባ ከተጣራው ማስላት ምንም ነውር የለበትም። ጡረታ ላይ ግን አንድ ነገር አስቢ፦ ከአንቺ የሚቆረጠው 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር፣ ወደ ፊት ተመልሶ የሚመጣልሽ ነው። ከተጣራው የምታወጪ ከሆነ ጡረታው ሲመጣ ያን ጊዜ ታወጪለታለሽ፤ ከጠቅላላው ካወጣሽ ደግሞ የራስሽን መዋጮ በተመለከተ አስቀድመሽ ጨርሰሻል። አንዱን መርጠሽ ጽኚበት። በየወሩ መቀያየር ከራስ ጋር ክርክር ያመጣል።

ዕቁቡ ቀላል ነው። የሚደርስሽ 20,000 ብር ገቢ አይደለም፤ አንቺው 1,000 እያልሽ በ20 ወር የምትሰጪው ነው። ከደመወዝሽ ላይ በየወሩ ካወጣሽ ያ 1,000 ብር ታስቦበታል፤ ዕቁብ በደረሰሽ ጊዜ እንደገና ከ20,000 ላይ 2,000 ማውጣት በአንድ ገንዘብ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በዙሩ መጀመሪያ ከደረሰሽ ደግሞ አብዛኛው ገና የሌሎች ዕቁብተኞች ብር ነው፤ ከሰው ብር አሥራት የለም።

ስለ እናትሽ ጌታ ራሱ የተቆጣበት ቦታ አለ። በማርቆስ 7፥9-13 ሰዎች ለወላጆቻቸው ሊረዱበት የሚገባውን "ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል" እያሉ ወላጆቻቸውን ባዶ እጅ ይሸኙ ነበር፤ የሃይማኖት መሪዎቹም ይፈቅዱላቸው ነበር። 1 ጢሞቴዎስ 5፥8 ለቤተሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ሰው ይልቅ የከፋ ነው ይላል፤ በቁጥር 16 ደግሞ ያመነች ሴት የራሷን መበለቶች እርስዋ ትርዳ እንጂ በቤተ ክርስቲያን ላይ ሸክም አታድርግ ይላል። ስለዚህ 1,500ውን አሥራት ነው ብለሽ አትመዝግቢው፤ የልጅነት ግዴታሽ ነው። አሥራት ለመሙላት ብለሽ ከእርሱ ላይ እንዳትቀንሺ ግን አጥብቀን እንነግርሻለን።

ዋናው ዕዳው ነው፤ ብዙ የምንለውም እዚህ ላይ ነው። ማቴዎስ 5፥23-24 መባሽን በመሠዊያው ይዘሽ ሳለ ወንድምሽ አንዳች የሚቃወምሽ ነገር እንዳለው ብታስቢ መባውን በዚያ ትተሽ አስቀድመሽ ታረቂ ይላል። ፊቷን የምታዞረው ባልደረባሽ የምትቃወምሽ ነገር አላት፤ የመክፈያው ቀን አልፏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ እርሷን ማነጋገር ነው። እንድትጠይቅሽ አትጠብቂ። ሰው ያለበት ቦታ አታንሺባት፤ ከሥራ በኋላ ለብቻዋ አግኝተሽ ቀኑ እንዳለፈ ራስሽ ተናገሪ። "እግዚአብሔር ያውቃል፣ እከፍልሻለሁ" አበዳሪን አያሳርፍም። የሚያሳርፈው መጠንና ቀን ነው፤ ያንንም በሁለት ወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙና አንድ አንድ ያዙ።

ግን ከየት ትከፍያለሽ? ወጪዎችሽ ተደምረው 8,300 ናቸው፤ የሚተርፍሽ 610 ብር ነው። ሁሉንም ለእርሷ ብትሰጪ 18,000ው ሰላሳ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ማንም አበዳሪ ይህን አይታገሥም። መውጫው ዕቁቡ ነው። ለዳኛውና ለጸሐፊው ችግርሽን አስረድተሽ ተራ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ብዙ ዕቁቦች ለታመመ ወይም ለተቸገረ ከዕጣ ውጭ ይሰጣሉ። ያ ካልሆነ ዕጣ ከወጣለትና ብዙም ካልቸገረው ዕቁብተኛ ጋር ተራ ተቀያየሪ። ተራውን ለመልቀቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ያጋጥማል፤ 2,000 ብር ከጠየቀ ዕዳውን ከፍለሽ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተዪው፣ ዕጣውን ጠብቂ። ዋስ ይጠየቅብሻል። ከኪሱ መክፈል የማይችል ሰው ዋስ እንዲሆንሽ አትለምኚ፤ ምሳሌ 22፥26-27 ላይ አልጋው ከበታቹ የሚወሰድበት ሰው ዋስ የሆነው ነው።

20,000 ብሩ በደረሰሽ ቀን 18,000ውን በባንክ አስተላልፊላት፤ ማስረጃውን አስቀምጪ፣ የተፈራረማችሁትንም ወረቀት "ተከፍሏል" አስብለሽ ተቀበይ። ከቀረው 2,000 አንዱን ሺህ ለመጪው ወር የዕቁብ መዋጮ፣ ሌላውን ለድንገተኛ ወጪ ያዢ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ብሩ ሲደርስ "ትንሽ ዕቃ ልግዛበት፣ ለርሷ ግማሹን ልስጣት" ይባልና ዕዳው በቦታው እንዳለ የዕቁብ ዕዳ ይጨመርበታል። ከደረሰሽ በኋላ መዋጮ ማቆም ደግሞ ዋስሽን መዝረፍ ነው።

እስከዚያው ምንም አትስጪ አንልም። ከባልደረባሽ ጋር በቀን ከተስማማችሁ ከ610 ብሩ 300ውን ለመስጠት መድቢ፤ 310ውን በየወሩ ለእርሷ ስጪ፤ የሰጠሻት ከ18,000ው ላይ ይቀነሳል። 300ው ከተጣራው ደመወዝሽ 3.4 በመቶ ገደማ ነው። ያነሰ መስሎ እንዳያሳፍርሽ፤ በማርቆስ 12፥41-44 ጌታ በቤተ መቅደሱ የመባ ሣጥን አንጻር ተቀምጦ ያየው እያንዳንዱ ምን እንደቀረለት ነበር። 300ውን ደመወዝ በገባበት ቀን ለይተሽ በየእሑዱ 75 አድርጊው። ለወሩ መጨረሻ የተተወ ስጦታ አይተርፍም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ይህን እኛ አንነግርሽም። ዕዳው እንዳለቀ 310ውን ጨምሪበት፤ ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ 1,000 ብር ይለቀቅልሻል፣ 891 ላይ ለመድረስ ያኔ አትቸገሪም። ሌላ ዙር ልግባ ካልሽም በቀነሰ መዋጮ ግቢ።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሒሳብ ያነሣሽው ጥርጣሬ ሳይሆን መጽሐፍ ቅዱሳዊ ጥያቄ ነው። ነህምያ አሥራቱ ወደ ጎተራ በተመለሰ ጊዜ ወዲያው አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ሌዋዊ ሾሞ ረዳት ጨመረላቸው፤ የመረጣቸውም ታማኞች ሆነው ስለ ተቆጠሩ ነው (13፥13)። ጳውሎስም በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት ደግሞ መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ለሽማግሌዎች ወይም ለሰበካ ጉባኤው በትሕትና አምስት ነገር ጠይቂ። ገንዘቡ የሚቆጠረው ቢያንስ በሁለት ሰው ነው? የባንኩ ሒሳብ በቤተ ክርስቲያኗ ስም ነው ወይስ በግለሰብ? ወጪ የሚፈረመው በስንት ሰው ነው? ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ አለ? በዓመት አንድ ጊዜ ለአባላት ሪፖርት ይቀርባል? ሙያሽ ስለሆነ "ቆጠራውን ላግዝ" ብትይም ጥሩ ነው፤ ጥያቄው ክስ አይመስልም።

ሌላ ቦታ መስጠት ኃጢአት አይደለም። ገላትያ 6፥6 ግን ቃሉን የሚማር ከሚያስተምረው ጋር መልካሙን ሁሉ ይካፈል ስለሚል፣ የምትማሪበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግ ልክ አይመስለንም፤ በተለይ ሳይጠየቁ ለመቅጣት ተብሎ ከሆነ። ጠይቀሽ በቁጣ ከመለሱሽ ወይም ሒሳቡ በአንድ ሰው ኪስ እንደሆነ ካወቅሽ፣ የአገልጋዮቹን ድርሻ በእጃቸው ስጪና የቀረውን በአካል ለምታውቂያቸው ችግረኞች አውዪው። የአሥራት ከፋዮችን ስም በግድግዳ መለጠፍን በተመለከተ ማቴዎስ 6፥1-4ን ማንበብ ይበቃል።

የእህትሽ ገንዘብ አደራ ነው። አሥራት አይወጣበትም፤ ማውጣት ካለባት እርሷ ናት፣ እርሷም ከራሷ ደመወዝ ታወጣለች። ከራስሽ ሒሳብ ጋር አታደባልቂው፤ ሌላ የቁጠባ ደብተር ክፈቺለት፣ የገባበትን ቀንና ለቤቱ የወጣውን በደረሰኝ መዝግቢ። የባልደረባሽ ዕዳ ሲያስጨንቅሽ "ለጊዜው ከዚህ ላንሣ" የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ማንሣት የግድ ከሆነብሽ መጀመሪያ ወደ ዱባይ ደውይ።